አዞው የበላው ካልሲ

«…ከዚያ አዞው አፉን በረገደና የሰውዬውን እግር እስከ ጉልበቱ ዋጠው» አለች ነጅሚያ፣ በቅርጫት ኳስ ሜዳው ዳር ከኒም ዛፉ ሥር ቆማ፣ በሁለት እጆቿ የአዞ መንጋጋ እየሠራች። «ሰውዬው ሲጮህ ከባሮ ማዶ ያሉ ፍየሎች ደንግጠው ቁጭ አሉ። አዞው ግን ሊያኝክ ቢል ጥርሱ አልገባ አለው። ቢያኝክ፣ ቢያኝክ፣ ወይ ፍንክች። ለምን መሰላችሁ? ሰውዬው ያደረገው አያቴ በእጇ የሠራችለትን ካልሲ ነዋ። መጨረሻ ላይ መንጋጋው ዝሎ እግሩን እንዳለ ተፋለት። ከካልሲው አንዲት ክር አልተመዘዘችም። አዞው ግን እስከ ዛሬ ሁለት የፊት ጥርስ የለውም። ወደ ኢታንግ ስትሄዱ ታገኙታላችሁ፤ ሰው ሲያይ አፍሮ አፉን በእጁ ይሸፍናል።»

ልጆቹ ተንከተከቱ። የቡድኑ አምበል አጅዋንግ፣ አባቷ ባሮ ላይ ዓሣ ስለሚያጠምድ የአዞ ነገር ከማንም በላይ ይገባኛል የምትል፣ የአዞ እጅ አፉ ጋ እንደማይደርስ አስረዳቻት። ነጅሚያ ለዚህም መልስ አላጣችም። የዚህኛው እጅ ካልሲውን ሊያወልቅ ሲጎትት፣ ሲጎትት ረዝሞ ነው አለች።

ነጅሚያ እንዲህ ናት። ኒውላንድ ሰፈር ሱቅ ያለው የሙስጠፋ ልጅ፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ፣ ቁመቷ ከአባቷ ባንኮኒ እምብዛም የማይበልጥ፣ ምላሷ ግን የባሮን ድልድይ የሚያስንቅ። ስለ ጋምቤላ ሙቀት ስታወራ ጥላ ራሱ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል። ስለ ጋምቤላ ትንኝ ስታወራ ደግሞ ትንኟ ከመንከሷ በፊት የደም ዓይነት ትጠይቃለች። ሰው ሁሉ ይወዳታል። ችግሩ፣ የሚያምናት አለመኖሩ ነው። አንድ ጊዜ የምር ወባ ይዟት ክፍል ውስጥ «እየተንቀጠቀጥኩ ነው» ስትል፣ ልጆቹ ትወናዋን አድንቀው አጨብጭበውላት ነበር።

የዚያን ቀን ከዛፉ ሥር ያልሳቀችው ኛኮንግ ብቻ ነበረች። ኛኮንግ ከቡድኑ ሁሉ ረጅሟ ናት፤ ዝምተኛ። አማርኛን ያወቀችው ትምህርት ቤት ከገባች በኋላ ስለሆነ ይሁን ወይም ተፈጥሮዋ ሆኖ፣ ቃል ከአፏ የሚወጣው እንደ ውድ ዕቃ ተቆጥቦ ነው። ነገ እመጣለሁ ካለች ሰማይ ቢቀደድም ትመጣለች። የሌላውንም ሰው ቃል የምትቀበለው እንደዚያው፣ እንደተባለው አድርጋ ነው።

ኛኮንግ የቀኝ ጫማዋን አወለቀች። ካልሲዋ ተረከዟን ጥሎ፣ ድመት እንዳየች አይጥ፣ ጣቶቿ ሥር ተሸጉጧል። ተረከዟ ተልጦ ቀልቷል።

ነገሩን ሁሉም ያውቀዋል። በጋምቤላ ፀሐይ ረጅም ካልሲ አድርጎ መሮጥ እግርን መቀቀል ነው። አጭሩ፣ ከቁርጭምጭሚት በታች የሚቀረው የሱቅ ካልሲ ደግሞ ሁለት ጊዜ ከታጠበ ላስቲኩ ይለግማል፤ ሦስት ጊዜ ከታጠበ ተረከዙ ይቀደዳል። ኛኮንግ በየጨዋታው እኩሌታ ላይ እያነከሰች የምትወጣው በዚህ ነው። አሰልጣኙ ቲቸር ልዑልቃል፣ ተቆጥቶ ሳይሆን አዝኖ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ የኢታንግ ልጆች ሲመጡ ጨዋታውን ካልጨረሰች፣ ለመልሱ ጨዋታ ኢታንግ የሚወስደው ሌላ ልጅ እንደሆነ ነግሯታል። ኢታንግ ደግሞ የኛኮንግ እናት ያለችበት ነው። ኛኮንግ ለትምህርት ብላ ጋምቤላ አጎቷ ቤት ከገባች ወዲህ፣ እናቷ ልጇ ኳስ ስትጫወት አንድ ቀን አይታት አታውቅም።

«እንደዚያ ያለ ሥሪልኝ» አለች ኛኮንግ። «አዞ የማይበላው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ነጅሚያ ሙድ እየያዘችባት ነው ብላ ስቃ ታልፍ ነበር። ኛኮንግ ግን ሙድ መያዝ አታውቅም። ተረከዟን ይዛ፣ ቀና ብላ እያየቻት ትጠብቃለች።

«እሠራልሻለሁ» አለች ነጅሚያ። ምላሷ እዚያ ላይ ማቆም ሲገባው ቀጠለ። «ለቅዳሜው ይደርሳል።»

እውነቱን ለመናገር፣ ነጅሚያ በሕይወቷ ሠርታ የጨረሰችው አንድ ስካርፍ ብቻ ነው። ጋምቤላ ውስጥ ስካርፍ ምን ሊያደርግ? እናቷ ለሁለት አጥፋ ድስት ማውጫ አደረገችው። ሹራብ መሥራቱን ያስተማረቻት አብራቸው የምትኖረው የአባቷ እህት ሐናን ናት። ሐናን ያደገችው ወረኢሉ ነው፤ በብርድ አገር። እዚያ ካልሲ የሚሠራው ለመተኛ ነው፤ ወፍራም፣ ሰፊ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ።

ነጅሚያ የምትፈልገውን ካልሲ ስትነግራት ሐናን መርፌዋን አስቀምጣ አየቻት። «ካልሲው ቁርጭምጭሚት ጋ እንኳ ካልደረሰ ምኑን ካልሲ ሆነ? ይኼማ የተላጨ ካልሲ ነው።»

«ኳስ መጫወቻ ነው፣ አክስቴ። እንዳይንሸራተት ነው የምፈልገው።»

«የኛ አገሩ ቢንሸራተትስ ማን ያየዋል፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ነው ያለው» አለች ሐናን። ቢሆንም ነገሩ ሳያሳስባት አልቀረም። ትንሽ ቆይታ፣ ገመድ የሌለው ጫማ እግር ላይ የሚቆየው ተረከዙ ጠንካራ ሲሆን እንደሆነ ሁሉ፣ እግር ማሰሪያ የሌለው ካልሲም ተረከዙ ከበድ፣ አፉ ጠበቅ፣ ከኋላው ደግሞ ጫማው እንዳይውጠው እንደ ትንሽ ምላስ ወጣ ያለ መሆን አለበት አለች። እዚህ ላይ ሁለቱም ተስማሙ።

ዕቃው ተሟላ። ታላቅ ወንድሟ ሱሌማን ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ ላይ ሽቦ ነቅሎ፣ እኩል እኩል ቆርጦ፣ ጫፉን ድንጋይ ላይ ሞርዶ ሰጣት። አራቱ ካልሲውን ክብ አድርገው ይይዛሉ፣ በአምስተኛው ይሠራል። ክሩ ሐናን ለጎረቤት ልጅ ሹራብ ሠርታ የተረፋት አረንጓዴ ነው፤ እንዲያ ያለው የሚመጣው ከአዲስ አበባ ስለሆነ ሌላ የለም። ተረከዙ እንዳይበሳ ደግሞ ነጅሚያ ከአጅዋንግ አባት ዘንድ የዓሣ መረብ መጠገኛ ክር ለምና አመጣች። ቀጭን ነው፣ ግን የባሮን ትልቁን ዓሣ ይዞ አይበጠስም። ከአረንጓዴው ጋር አብሮ ለተረከዙና ለጣቱ ጫፍ ይገባል።

የቀረው ልኩ ነበር። በዚህ ነገር ነጅሚያ ማንንም አልጠየቀችም። የባለሱቅ ልጅ ካልሲ እንዴት እንደሚለካ ይጠየቃል? ከሕፃንነቷ ጀምሮ አባቷ ለደንበኛው ሁሉ ሲያደርገው አይታለች። «ጨብጥ» ይለዋል። ሰውዬው እጁን ይጨብጣል። አባቷ የካልሲውን መርገጫ በቡጢው ዙሪያ ይጠመጥማል። ጣቱና ተረከዙ ከተገናኙ፣ «ያንተ ነው፣ አብሽር» ብሎ በፌስታል ይሰጠዋል። ካልሲ በቡጢ ይለካል፤ ነጅሚያ ይህን የምታምነው ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች ብላ እንደምታምነው ነው።

ስለዚህ በማግስቱ በዕረፍት ሰዓት ኛኮንግን ቡጢሽን አሳዪኝ አለቻት። ለምን ስትባል፣ የኢታንግ ልጆች ፀብ ቢያነሱ ስንት ሰው እንደምትጥል ልገምት ነው ብላ ክር ጠመጠመችባት። ኛኮንግ ቡጢዋን ዘርግታ በትዕግሥት ቆመች። የኛኮንግ እጅ ቀጭን ነው፤ ጣቶቿ ሲታጠፉ እርስ በርስ ተጣብቀው ቡጢዋ ከሎሚ እምብዛም አይበልጥም። ነጅሚያ ይህን ማየትስ አይታዋለች። ግን የአባቷ ቡጢ ሲያረጋግጥ እንጂ ሲሳሳት አይታ አታውቅም።

ከዚያ በኋላ ሥራ ሆነ። ሐናን እያንዳንዷን የክር ቀለበት «ዐይን» ትላታለች። ተረከዙ ላይ አንዷን ዐይን ሠርቶ ሌላዋን ሳይሠሩ ማሳለፍ ነው፤ እንዲህ ሲደረግ ክሩ ድርብ ይሆናል፣ እንደ ትንሽ ትራስ። ነጅሚያ ሁለት ጊዜ ዐይን አምልጧት ጮኸች፣ አንድ ጊዜ በሽቦው የራሷን ጉንጭ ወጋች። አባቷ በሱቁ መስኮት እያየ፣ ይህች ልጅ ይህን ያህል ጊዜ ዝም ብላ ተቀምጣ ስለማታውቅ፣ አሟት እንደሆነ ሐናንን ጠየቃት።

ካልሲው አልቆ ከሽቦው ሲወጣ ነጅሚያ በመዳፏ ላይ አስቀምጣ ብዙ አየችው። ተረከዙ ክብ ብሎ ዞሯል። አፉ ጠበቅ ብሏል። ቆንጆ ነበር። ያለ ምንም ማጋነን ቆንጆ ነበር፤ ለነጅሚያ ደግሞ ያለ ማጋነን የሚወራ ነገር ብርቅ ነው።

ሁለተኛውን ከመጀመሯ በፊት ኛኮንግ እንድታየው ፈለገች። ከሰዓት በኋላ ባሮ ዳር እንደምትገኝ ስለምታውቅ ካልሲውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ወረደች። ኛኮንግ ከሌሎች ልጆች ጋር ውሃ ውስጥ ነበረች፤ ረጅም አንገቷ ከሩቅ ይታያል። ነጅሚያ ዳር ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቅ ጭቃው ላይ የታተመ ዱካ አየች። ትንሿ ጣት ከሌሎቹ ተነጥላ ወጣ ብላለች። የኛኮንግ እግር ነው፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ጣት ያላት እሷ ብቻ ናት።

እንዲያው ለጨዋታ ካልሲውን አውጥታ ከዱካው አጠገብ አስተኛችው።

ካልሲው ከእናቱ ጎን የተኛ ሕፃን መሰለ።

ሳበችው። ክር ነውና ይለጠጣል ብላ በሁለት እጇ ወጥራ ለካችው። እንደዚያም ሆኖ የካልሲው ተረከዝ የሚያርፈው ከኛኮንግ መርገጫ መሐል ነው። ነጅሚያ የራሷን ቡጢ ጨብጣ አየችው፤ ከዚያ ዱካውን አየችው። ፀሐይ በምዕራብ የወጣች ያህል ነበር። ከአጠገቧ ካለው ሸንበቆ አንድ ቀጭን ሰበረችና በዱካው ልክ፣ ከተረከዝ እስከ አውራ ጣት፣ በጥርሷ ቆረጠችው።

ሸንበቆውንና ካልሲውን ቦርሳዋ ውስጥ ስትወትፍ ኛኮንግ ውሃ እያንጠባጠበች ከፊቷ ቆመች።

«አለቀ?»

አጠረ፣ እንደገና ልሥራው ብትል ምን ነበረበት? ሦስት ቃል ነው። ግን ኛኮንግ እንዲያ አምናት ስታያት፣ ምላሷ እንደ ልማዱ ቀድሟት ሄደ።

«አልቆ ነበር። አንድ ጊዜ ልጠበው ብዬ እዚህ ዳር ላይ ሳስቀምጠው አዞው ይዞት ገባ።»

ኛኮንግ ወንዙን አየች። ከዚያ ነጅሚያን፣ ከዚያ ቦርሳዋን አየች። «የትኛው አዞ?»

«ያው ጥርስ የሌለው። ቂም ይዞ እኮ ነው።»

«እሺ» አለች ኛኮንግ።

ሳቅ ቢሆን ይሻል ነበር። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ ይኼኛው ግን ከባሮ ዳር ወደ ላይ እየወጣች ሳለ ቦርሳዋ ውስጥ እየከበደ፣ እየከበደ ሄደ።

በማግስቱ ሸንበቆውን ለሐናን አሳየቻት። ስለ ቡጢውም ነገረቻት፤ ስለ አዞው አልነገረቻትም። ሐናን ሽቦውን እስክትጥል ድረስ ሳቀች። አባትሽ በቡጢ የሚለካው ላስቲክ ያለውን ካልሲ ነው አለቻት፤ ላስቲክ የተለካውንም ያልተለካውንም ይሸፍናል፣ እጅ ሥራ ግን አይሸፍንም። ከዚያ ሸንበቆውን ይዛ ከጫፉ በጣት ስፋት ሰበረችላት። ካልሲ ከእግሩ ጥቂት ሲያንስ ነው እግሩን አቅፎ የሚይዘው፤ እኩል ከሆነ ይንሸራተታል። የወረኢሉው ካልሲ ደግሞ እግር ተኝቶ ስለሚውልበት ሰፋ ቢል ግድ የለውም፣ ይኼኛው ግን የሚሮጥ ነው። ነጅሚያ ይህን ሁሉ ሰምታ እንደ አዲስ ጀመረች።

የመጀመሪያውን ካልሲ ተርትራ ክሩን ልትጠቀምበት አንድ ሁለቴ ጫፉን ያዘች። እጇ አልታዘዝ አላት። በሕይወቷ የሠራችው የመጀመሪያው ካልሲ ነው። ደግሞም ሌሎቹን ልጆች ጨምሮ ሁሉም አረንጓዴው ክር ከአዞው ጋር መሄዱን ሰምተዋል፤ አጅዋንግ አዞው አሁን በአንድ እግሩ ካልሲ አድርጎ እንደሚዋኝ ማውራት ጀምራለች። ነጅሚያ ካልሲውን ከቦርሳዋ ሥር፣ ከሒሳብ መጽሐፏ በታች ቀበረችው።

የቀኝ እግሩ ካልሲ ዓርብ ከሰዓት ላይ አለቀ። ክሩም አብሮት አለቀ። የቀረው እፍኝ የማይሞላ ነው።

ሱሌማን ይህን አይቶ ከሱቁ ካርቶን ከፍቶ ጥንድ አጭር ካልሲ አወጣ። እሱም አረንጓዴ ነው። ምልክቱን በመቀስ ቆረጠ፣ ውሃ ነክሮ ፀሐይ ላይ አሰጣው፣ መጨረሻ ላይ ከአንዱ ጫፍ ክር መዘዝ አድርጎ፣ «ይኸው፣ የእጅ ሥራ መስሏል» አለ። «ጥንድ ነው። ያምራል። ማን ያውቅብሻል?»

«ይንሸራተታል እኮ።»

«ከእኩሌታ በኋላ ነው የሚንሸራተተው። እስከዚያ አንቺ ተመስግነሻል።»

ሱሌማን ክፉ ልጅ አይደለም። እህቱ ሰው ፊት እንዳታፍር ብሎ ነው። ነጅሚያም ካልሲዎቹን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ቅዳሜ የሜዳው ዳር ጢም ብሎ ነበር። የኢታንግ ልጆች በሚኒባስ እየዘፈኑ ገቡ። ኛኮንግ ከኒም ዛፉ ሥር ተቀምጣ፣ በባዶ እግሯ፣ ጫማዎቿን ከጎኗ ደርድራ ትጠብቃለች። ነጅሚያን ስታያት እጇን ዘረጋች። አልጠየቀችም፣ አላጣደፈችም። ዘረጋች ብቻ።

ነጅሚያ እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ጣቶቿ መጀመሪያ ያገኙት የሱቁን ጥንድ ነው፤ ልስልስ፣ ቀላል። ከጎኑ ቀኙ አለ፣ ከረር ያለው፣ ተረከዙ ጉብ ያለ። ከሥር ደግሞ ያ ትንሹ። ጥንዱን ብትሰጣት አሁን ሁሉም ያጨበጭባል። ከእኩሌታ በኋላ ግን ኛኮንግ እያነከሰች ትወጣለች፣ ኢታንግ ሌላ ልጅ ይሄዳል፣ ኛኮንግም «እሺ» ትላለች። ነጅሚያ ያንን «እሺ» ሁለተኛ መስማት አልፈለገችም።

«አንድ ብቻ ነው» አለች፣ ቀኙን እያወጣች። «ግራው አልደረሰም። ለግራ ይኼኛውን አድርጊ፣ የሱቅ ነው። ጥንዱን የእጅ ሥራ ነው ብዬ ልሰጥሽ ነበር፣ ተውኩት።»

አጅዋንግ ሰምታ ከወዲያ፣ አዞው ጦመኛ ነው እንዴ፣ አንድ እግር አስተርፎ የሚበላው፣ አለች። ልጆቹ ሳቁ። እስከ ዛሬ የሚሳቀው በነጅሚያ ወሬ ነበር፤ አሁን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳቀው በራሷ በነጅሚያ ላይ ነው።

ኛኮንግ አልሰማችም። ካልሲውን እግሯ ላይ እየሳበች ነው። መጀመሪያ አልገባ አለ። ከዚያ ተረከዙ ተረከዟን አገኘና ጥልቅ አለ። ኛኮንግ ጫማዋን አድርጋ ቆመች። በጣቶቿ ቆመች፤ በተረከዟ ቆመች፤ አንድ ጊዜ ዘለለች።

«ይዞኛል» አለች።

ጨዋታው እንዴት እንደነበር ነጅሚያ ኋላ ላይ ስታወራው ኳሱ ደመና ነክቶ ዝናብ ይዞ ይወርዳል። የእውነቱ እንዲህ ነው። እኩሌታ ላይ ቲቸር ልዑልቃል ቅያሪዋን ልጅ እያሟሟቀ ወደ ኛኮንግ አየ። ኛኮንግ ጎንበስ ብላ የግራ ጫማዋን ክር ፈትታ፣ ካልሲውን ጎትታ፣ እንደገና አሰረችው። ቀኙን አልነካችውም። ተነስታ ገባች። ሁለተኛውንም ጊዜ በሙሉ ሮጠች፣ ዘለለች፣ ሁለት ጊዜ ወደቀች፣ ተነሳች። በአንድ ቅርጫት ተሸነፉ። ፊሽካው ሲነፋ ግን ኛኮንግ ሜዳው መሐል ነበረች፤ በሁለት እግሯ።

ልጆቹ ወደ ውሃው ሲሮጡ እሷ ወደ ኒም ዛፉ መጥታ ከነጅሚያ ጎን ተዘረፈጠች። ጫማዎቿን አወለቀች። ግራው ካልሲ እንደ ልማዱ ጣቷ ሥር ተሸጉጧል፣ ተረከዟም ተልጧል። ቀኙ ግን በላብ ርሶ፣ አቧራ ለብሶ፣ ጠዋት ከተቀመጠበት ንቅንቅ አላለም። ቲቸር ልዑልቃል በአጠገባቸው ሲያልፍ ቆም ብሎ ሁለቱን እግሮች አየና፣ ኢታንግ መንገዱ ፀሐይ ስለሆነ ኮፍያ እንዳትረሳ ለኛኮንግ ነግሯት አለፈ።

ኛኮንግ የቀኙን ካልሲ አቧራ በመዳፏ ጠረገች። ከዚያ ግራ እግሯን ወደ ነጅሚያ ዘረጋች። «ለኢታንግ ይኼኛውን።»

«ክሩ…» አለች ነጅሚያና ቆመች።

ወሬው ምላሷ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሹፌር፣ የጫነው ክር ብቻ የሆነ መኪና፣ ጎሬ ዳገት ላይ ዝንጀሮዎች ያስቆሙት። ቆንጆ ወሬ ነው። ማታ ቤቷ ገብታ ትንሹን ካልሲ በድብቅ ተርትራ፣ ክሩን ሹፌሩ አመጣው ብትል ማንም አይጠይቃት።

ቦርሳዋን ከፈተች። የሒሳብ መጽሐፉን አነሳች። ትንሹን ካልሲ አውጥታ ኛኮንግ ጉልበት ላይ አስቀመጠችው።

ኛኮንግ አየችው። ፊቷ ላይ የመገረም ነገር አልነበረም። «ተፋው?»

«አልበላውም» አለች ነጅሚያ። «በቡጢሽ ለክቼ ነው የሠራሁት። አጠረ። አፈርኩ።»

ኛኮንግ እጇን ጨብጣ ቡጢዋን አየች። ከዚያ እግሯን አየች። ከዚያ እንደገና ቡጢዋን። ነጅሚያ ያን ሁሉ ወሬ አውርታ አስቃት የማታውቀው ልጅ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቋ መጀመሪያ ድምፅ አልነበረውም፣ ኋላ ግን የኢታንግ ልጆች እስኪዞሩ ድረስ ነበረው።

«ያን ቀን ባሮ ዳር፣ አዞሽ ጅራቱን ረስቶ ነበር» አለች እንባዋን እየጠረገች። «አረንጓዴ ክር። ከቦርሳሽ ወጥቶ መሬት ለመሬት ይከተልሽ ነበር።»

«አውቀሽ ነው? ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ያንቺ አዞ ነው። አንቺ እስክትጠሪው ጠበቅኩ።»

ነጅሚያ ትንሹን ካልሲ መልሳ አነሳችና ለመጨረሻ ጊዜ ተረከዙን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ከጣቱ ጫፍ ላይ የክሩን ቋጠሮ ፈልጋ በጥርሷ ፈታችው።

«ጨብጪ» አለቻት።

ኛኮንግ ቡጢዋን ዘረጋች። ነጅሚያ የክሩን ጫፍ ጠመጠመችበትና ሳበች። ዐይኖቹ አንድ በአንድ እየተፈቱ፣ ዙር በዙር እየሄደ፣ ካልሲው ከጣቱ ጀምሮ ማጠር ያዘ፤ አረንጓዴው ክር ደግሞ በኛኮንግ ቡጢ ላይ እየተጠቀለለ ወፈረ።

አጅዋንግ የውሃ ጠርሙስ ይዛ መጥታ ከላያቸው ቆመች። ይህ የአዞው ካልሲ አይደለም ወይ፣ ከየት መጣ፣ አለች።

«አጥሮብኝ ነው» አለች ነጅሚያ። «እንደገና ልሠራው ነው።»

አጅዋንግ ጠርሙሷን ይዛ ቀሪውን ወሬ ጠበቀች። ቀሪ አልነበረም። ክሩ ብቻ እየተፈታ መምጣቱን ቀጠለ።

«ኢታንግ ስንሄድ ሌላ ትነግረናለች» አለች ኛኮንግ። «መንገዱ ረጅም ነው።»

ነጅሚያ ከቦርሳዋ ሸንበቆውን አውጥታ አቧራው ላይ አስተኛችና የኛኮንግን ግራ እግር ልትለካ ተንበረከከች። «ግራሽን እዚህ አድርጊ» አለቻት። «እንደዚያ አይደለም። ተነሺ፣ ሙሉ ክብደትሽን ጣይበት።»

ኛኮንግ ቡጢዋን በአረንጓዴ ክር እንዳሰረች ተነስታ ቆመችበት።